«ፓምፑ በነጻ ነው» ቢሉዎት…

ሆቴል የሚያስገነባ ሰው ስለ ሊፍቱ ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል፤ ስለ ጄኔሬተሩ አማካሪ ይቀጥራል፤ ስለ ሎቢው እብነ በረድ ከሚስቱ ጋር ይከራከራል። ላውንደሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን በተረፈችው ክፍል ይገባና እዚያው ይረሳል። ባለቤቱ ወደዚያ የሚወርደው እንግዳ «አንሶላው ያሳክካል» ብሎ አቤት ሲል፣ ወይም የሒሳብ ሹሙ የሳሙናና የበረኪና ወጪ እንደገና መጨመሩን የሚያሳይ ወረቀት ሲያቀርብ ነው።

የኬሚካል ነጋዴው የሚመጣው ታዲያ ይህን ጊዜ ነው። «ሠራተኛዎ በጣሳ እየቀዳ ስለሚያባክን ነው። እኛ ራሱ መጥኖ የሚሰጥ ፓምፕ እንገጥምልዎታለን። ፓምፑ በነጻ ነው፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው ኬሚካሉን ከእኛ ብቻ መግዛት ነው» ይላል። ነገሩ ጆሮ ይገባል። በነጻ የተባለን ነገር እምቢ ማለት ደግሞ ለነጋዴ ይከብዳል።

አቀራረቡ ማጭበርበር ነው ለማለት አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም የላውንደሪ ኬሚካል ሻጮች መሣሪያውን በደንበኛው ግቢ ተክለው ገንዘባቸውን ከኬሚካሉ የሚለቅሙበት አሠራር የተለመደ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከተገጠመ በኋላ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚቀዳ የሚያውቀውና የሚወስነው ማነው? ሻጩ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ለዕቃ አቅራቢው ሰጥቷል ማለት ነው።

ነገሩ ዛሬ ከትናንት ይበልጥ ያሳስባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል የቀድሞ የብር ዋጋው ትዝታ ሆኗል። በአንድ እጥበት ላይ ያላግባብ የሚፈስ 50 ሚሊ ሊትር ድሮ ዓይን አይሞላም ነበር፤ አሁን በወር ሲደመር የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ሊያክል ይችላል።

ሣጥኑ ምን ይሠራል?

ባለሙያዎች «ዶዚንግ ፓምፕ» ይሉታል። «ዶዘር» የሚሉትም አሉ፤ መንገድ የሚጠርገው ግን ሌላ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሣጥን ሲሆን በውስጡ ከሦስት እስከ ስምንት የሚደርሱ ትናንሽ ፓምፖች አሉ። እያንዳንዱ ፓምፕ ከአንድ ጀሪካን ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። አንዱ ዋናውን ፈሳሽ ሳሙና፣ አንዱ አልካላዩን፣ አንዱ ማንጫውን፣ አንዱ በመጨረሻው ውኃ የሚገባውንና በሙያው «ሳወር» የሚባለውን ቀላል አሲድ፣ አንዱ ደግሞ ማለስለሻውን ይቀዳል። በገበያው ከሚታወቁት ሠሪዎች መካከል የጣሊያኑ ሴኮ፣ የእንግሊዙ ብራይትዌልና የአሜሪካው ናይት ይገኙበታል። በመሠረታዊ አሠራራቸው እምብዛም አይለያዩም።

የፓምፑ ጥበብ ላም ከማለብ አይርቅም። በክብ ቤት ውስጥ የሚሽከረከሩ ሮለሮች አንዲት ለስላሳ የጎማ ቱቦን እየተጫኑ ያልፋሉ፤ ቱቦዋ ስትጨመቅ ፈሳሹን ወደፊት ትገፋለች፤ ስትለቀቅ ከጀሪካኑ ትስባለች። ኬሚካሉ የሚነካው ቱቦዋን ብቻ ስለሆነ ሞተሩ አይበላም። የሚያልቀው ቱቦዋ ናት። ይህችን ቱቦ ልብ ይሏል፤ ዝቅ ብለን እንመለስባታለን።

ፓምፑ መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው ማጠቢያ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ዋናውን እጥበት ሲጀምር አንድ ሲግናል፣ ማንጫ ሲፈልግ ሌላ ሲግናል፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ሦስተኛ ሲግናል ይልካል። ሣጥኑ ሲግናሉን ተቀብሎ የተባለውን ፓምፕ ለተወሰነ ሰከንድ ያዞራል። ከዚያ ውኃ ይከተልና በቱቦው ውስጥ የቀረውን ኬሚካል አጥቦ ወደ ከበሮው ያስገባል። ነገሩ በዚህ አበቃ። ሣጥኑ ጨርቁ ቆሸሸ ወይም ነጣ ብሎ አያስብም፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ኬሚካል ይሁን ውኃም አያውቅም። የሚያውቀው ሰከንድ መቁጠር ብቻ ነው።

በጀሪካን ሳይሆን በኪሎ

ገበያው የለመደው በጀሪካን ዋጋ መከራከርን ነው። «የእነ እገሌ 3,000 ነው፤ የናንተ ለምን 4,800 ሆነ?» ይባላል። ለላውንደሪ ግን የጀሪካን ዋጋ ምንም አይነግርም። የሚነግረው አንድ ኪሎ ደረቅ ጨርቅ ለማጠብ የሚወጣው ብር ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። የመጀመሪያው ሻጭ 20 ሊትሩን በ3,000 ብር ያቀርባል፤ ሊትሩ 150 ብር መሆኑ ነው። ቀጭን ስለሆነ ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 15 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ኪሎው በ2 ብር ከ25 ሳንቲም ታጠበ ማለት ነው። ሁለተኛው 20 ሊትሩን 4,800 ይላል፤ ሊትሩ 240 ብር ነው። ነገር ግን የጠነከረ በመሆኑ 8 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ኪሎው 1 ብር ከ92 ሳንቲም ይመጣል። በቀን 500 ኪሎ የሚያጥብ ሆቴል በዚህች የ33 ሳንቲም ልዩነት ብቻ በዓመት 60,225 ብር ያተርፋል ወይም ይከስራል። ርካሹ ጀሪካን ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «8 ሚሊ ሊትር ይበቃል» የሚለው የሻጩ ቃል ነው። ቃሉ የሚፈተነው በእርስዎ ጨርቅ፣ በእርስዎ ውኃና በእርስዎ ማሽን ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረምዎ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሙከራ እጥበት ይጠይቁ፤ ሻጩ የሚያስከፍልዎም በጀሪካን ሳይሆን በታጠበው ኪሎ ይሁን። በኪሎ ለመስማማት የማይደፍር ሻጭ ስለ ዕቃው ጥንካሬ ያወራውን ራሱም አላመነበትም።

በኪሎ ለማሰብ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። ብዙ ላውንደሪዎች ማሽን በሚሊዮን ገዝተው ሚዛን የላቸውም። ሠራተኛው ከበሮውን በዓይኑ ይሞላል። ማሽኑ 20 ኪሎ ነው ተብሎ ፓምፑ ለእያንዳንዱ ዙር 300 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ቢስተካከል፣ ሠራተኛው ግን 14 ኪሎ እየጫነ ቢያጥብ፣ በኪሎ 15 ሳይሆን 21 ሚሊ ሊትር ይፈሳል። ከሚያስፈልገው 43 ከመቶ ብልጫ አለው። አውቶማቲኩ ሣጥን ብክነቱንም አውቶማቲክ አደረገው።

ሲገጠም

ገጣሚው በመጀመሪያ ማጣራት ያለበት የማጠቢያ ማሽኑ ሲግናል ስንት ቮልት እንደሆነ ነው። 24 ቮልት የሚልክ አለ፤ 220 የሚልክ አለ፤ ከነጭራሹ ቮልት ሳይልክ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚከፍትና የሚዘጋ ብቻም አለ። ሳይለካ በግምት ያገናኘ ሰው የማሽኑን ቦርድ ያቃጥላል። ቦርድ ሲቃጠል ወጪው ያለው በቦርዱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሆቴሉ አንሶላውን ውጪ እያስጠበ የሚቆይበት ሳምንት አለ። ማሽኑ ዋስትና ላይ ከሆነ ገመዱን የማሽኑ ወኪል ባለበት ማስገጠም ይበጃል፤ አለዚያ ሁለቱ ባለሙያዎች እርስ በእርስ ሲወነጃጀሉ ባለቤቱ መሐል ይቆማል።

ሲግናል የሌለው አሮጌ ማሽንም ይገጠምለታል። ገጣሚዎች ከሙቅ ውኃው ወይም ከፍሳሽ ማስወገጃው ቫልቭ ላይ ምልክት ይወስዳሉ፤ ካልሆነም ሠራተኛው በቁልፍ ተጭኖ እንዲያስጀምረው ያደርጋሉ።

ሰዓቱ ሌላው ነገር ነው። ኬሚካል ከበሮው ውስጥ መግባት ያለበት ውኃ በቂ ከፍታ ከያዘ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ የጠነከረው አልካላይ ወይም በረኪና በደረቀው ጨርቅ ላይ ያርፋል። ያን ቀን ምንም አይታይም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንሶላው በአንድ ቦታ እየሳሳ ይቀደዳል፤ ባለቤቱም የአንሶላ ነጋዴውን «የማይረባ ጨርቅ ሸጠህልኝ» ብሎ ይሰድባል። ጥፋቱ ግን ፓምፑን በ20 ሰከንድ ባለማዘግየት የመጣ ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ ከኬሚካሉ ይልቅ ጨርቁ የላቀ ሀብት መሆኑን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሕይወት ጉዳይ ይመጣል። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ምድር ቤት ባለ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ይህ ጋዝ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የበረኪናው ቱቦና የሳወሩ ቱቦ ከነጭራሹ መገናኘት የለባቸውም። በአንድ ማከፋፈያ በኩል የሚያልፉ ከሆነ በመካከላቸው በቂ የማስከተያ ውኃ መፍሰሱ በዓይን መረጋገጥ አለበት። የጀሪካኖቹ ቱቦዎች ቀለም ይለያይ፤ ጀሪካኖቹም ተራርቀው ይቀመጡ። አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በሚገጠምበት ቀን ሳይሆን፣ ማታ የገባ አዲስ ሠራተኛ ባዶውን ጀሪካን ሲቀይር የአንዱን መሳቢያ በሌላው ውስጥ ሲከተው ነው። መነጽር፣ የእጅ ጓንትና ዓይን የሚታጠብበት ቧንቧ ከፓምፑ ጋር አብረው ካልመጡ ገጠማው አላለቀም።

መብራትን በተመለከተ የኛ አገር ገጣሚ ከአውሮፓው በላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። መብራት በእጥበቱ መሐል ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ይጀምራል? እንደ አዲስ ከጀመረ ፓምፑ ሳሙናውን ሁለተኛ ይሰጣል። ሣጥኑ ከቀጠለና ማሽኑ ከጀመረ ደግሞ ሁለቱ ተላልፈው ማለስለሻ በዋናው እጥበት ሊገባ ይችላል። ገጣሚው ፊትዎ ብሬከሩን ጥሎ፣ መልሶ አንሥቶ ያሳይዎት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው።

የአንድ ደቂቃ ልኬት

አሁን ወደ ቱቦዋ እንመለስ። የዚህ ሁሉ ንግድ ምስጢር ያለው እዚህ ነው።

ሣጥኑ የሚቆጥረው ሰከንድ ነው ብለናል። ሰከንዱን ወደ ሚሊ ሊትር የሚለውጠው ሰው ነው። ፓምፑ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር የሚቀዳ ከሆነ፣ 300 ሚሊ ሊትር ለማግኘት 30 ሰከንድ መዞር አለበት። ገጣሚው ይህን ቁጥር አስገብቶ ይሄዳል። ቱቦዋ ግን በቀን ሺህ ጊዜ እየተጨመቀች ትደክማለች። ከጥቂት ወራት በኋላ በደቂቃ 450 ብቻ የምትቀዳ ብትሆን ሣጥኑ አሁንም 30 ሰከንድ ይቆጥራል፤ የሚደርሰው ግን 225 ሚሊ ሊትር ነው። ሩቡ ጠፋ። ጨርቁ ግራጫ መምሰል ይጀምራል። የላውንደሪ ኃላፊው «ፎርሙላው አልሆነም» ብሎ ሰከንዱን ያስጨምራል። ከዚያ አንድ ቀን አዲስ ቱቦ ይገባል፤ ሰከንዱን ወደ ቦታው የሚመልሰው ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ሳያውቅ ከልክ በላይ ያፈሳል፤ የኬሚካል ሻጩም አይከፋውም።

መድኃኒቱ ምልክት ያለበት አንድ የመለኪያ ጆግና የሰዓት ቆጣሪ ነው። ሠራተኛው ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይኖር ፓምፑን ጥቂት ካዞረ በኋላ፣ በማሽኑ በኩል ያለውን ጫፍ ጆጉ ውስጥ አድርጎ አንድ ደቂቃ ያስቀዳል። ሦስት ጊዜ ይደግምና አማካዩን ይወስዳል። ልኬቱ በውኃ ሳይሆን በራሱ በኬሚካሉ መሆን አለበት፤ ወፍራም ፈሳሽ እንደ ውኃ አይሳብምና። ቁጥሩ ከነቀኑ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ቱቦ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ያን ጊዜውኑ ይደገማል። ብዙ የሚሠራ ላውንደሪ ቱቦ እስኪቀደድ መጠበቅ የለበትም፤ በየስድስት ወሩ መቀየር በሙያው የተለመደ ነው።

ቅዝቃዜም ይቆጠራል። 50 ከመቶ ጥንካሬ ያለው የኮስቲክ ሶዳ ውሕድ ሙቀቱ ወደ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በአዲስ አበባ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከዚያም በታች ይወርዳል። ጠዋት የመጀመሪያው እጥበት ያለ አልካላይ ቢያልፍ ፓምፑን አይክሰሱት።

ልኬት ትክክል ሆኖ ዕቃው ቢቀጥንስ? ፓምፑ ሚሊ ሊትሩን እንጂ ጥንካሬውን አይመዝንም። በየሰፈሩ የሚሸጠው የቤት በረኪና ጥንካሬው ከ5 ከመቶ ብዙ አይርቅም፤ ለላውንደሪ የሚቀርበው ከ10 እስከ 12 ከመቶ ነው። አንዱ በሌላው ጀሪካን ቢገለበጥ ቀለማቸውም ሽታቸውም አይለያቸውም። በረኪና ደግሞ ማንም ሳይነካው በሙቀትና በብርሃን ኃይሉ ይሞታል፤ የሦስት ወር ፍጆታ በአንድ ጊዜ ማከማቸት ቅናሽ ቢያስገኝም ኪሳራ ነው። ለሳሙናውና ለአልካላዩ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሊትር በትክክል ለክቶ መመዘንና ከዕቃው የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ላይ ካለው ክብደት ጋር ማስተያየት ነው። ውኃ የተጨመረበት አልካላይ ይቀልላል። መርካቶ ማርና ቅቤ የፈተነ ነጋዴ ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ለሒሳብ ሹሙ ደግሞ ሌላ መቆጣጠሪያ እንስጠው። ፓምፑ በዙር 300 ሚሊ ሊትር ከሰጠ፣ 20 ሊትር ጀሪካን 66 ዙር ያህል ማጠብ አለበት። ከሣጥኖቹ ብዙዎቹ ስንት ዙር እንደታጠበ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ጀሪካኑ በ50ኛው ዙር ካለቀ ወይ ቱቦ ያፈሳል፣ ወይ ልኬቱ ተዛብቷል፣ ወይ ሳሙናው በበር እየወጣ ነው። በ90ኛው ካለቀም ደስ አይበልዎ፤ ጨርቁ በውኃ ብቻ እየታጠበ ነው።

ውኃውና ሙቀቱ

የጀርመኑ ሄንክል ኬሚስት ሄርበርት ሲነር እ.ኤ.አ. በ1959 እጥበትን በአራት ከፍሎ አስቀመጠው፦ ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ጊዜና የከበሮው መምታት። ከአራቱ አንዱ ሲቀነስ ሌላው መጨመር አለበት። የላውንደሪ ኃላፊው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከ70 ዲግሪ ወደ 40 ዝቅ ካደረገ፣ ሻጩ ለ70 ዲግሪ ያስተካከለው መጠን አይበቃም። የሆስፒታል ጨርቅ የሚያጥቡ ድርጅቶች ደግሞ ፓምፕ ገጠምን ብለው ሙቀቱን መተው የለባቸውም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት መመሪያ ጨርቁ በ65 ዲግሪ ቢያንስ 10 ደቂቃ ወይም በ71 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ሙቀቱ ወደ ጨርቁ የሚዘልቅበት ጊዜም እንዲታከል ይጠይቃል።

ውኃው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ካልስየምና ማግኒዝየም የበዛበት ነው፤ ሳሙናም ይበላል። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ በቦቴ የሚገዛ ሆቴል ከየት እንደተቀዳ ሳያውቅ በሌላ ውኃ ያጥባል። ሻጩ መጠኑን በየትኛው ውኃ እንዳስተካከለ በጽሑፍ ይጠይቁት።

ውጤቱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከመጨረሻው ማለቅለቂያ በኋላ ጨርቁን ጨምቆ ጠብታውን በፒኤች ወረቀት መንካት ይበቃል። ከ7 ዝቅ ብሎ ወደ 6 ቢጠጋ መልካም ነው። 9 እና 10 ካሳየ አልካላዩ አልወጣም፤ እንግዳው የሚያሳክከውም፣ ነጩ ጨርቅ ካውያው ሥር ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ውሉ

ወደ «ነጻው» ፓምፕ ሒሳብ እንግባ። አሁንም ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። መሣሪያው ከነገጠማው 150,000 ብር ያወጣል እንበል። ሻጩ ይህን ለመመለስ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 50 ብር ቢጭንና ሆቴሉ በወር 300 ሊትር ቢጠቀም፣ በወር 15,000 ብር ይሰበስባል፤ በ10 ወር መሣሪያው ተከፍሎ አለቀ። ውሉ ግን የ36 ወር ነው። በቀሪው 26 ወር ሆቴሉ 390,000 ብር ይከፍላል፤ በመጨረሻም መሣሪያው የሻጩ ነው፤ ነቅሎ ይሄዳል።

ይህ ሁልጊዜ ክፉ ውል ነው ማለት አይደለም። ሻጩ በየወሩ ቴክኒሻን ልኮ የሚለካ፣ ቱቦ በራሱ ወጪ የሚቀይር፣ ሌሊት ሲደወልለት የሚመጣ ከሆነ ገንዘቡን ሠርቶበታል። ባለሙያ መቅጠር ለማይችል ባለ 30 አልጋ ሆቴል እንዲያውም ይሻለዋል። በቀን ብዙ ኪሎ የሚያጥብና ቴክኒሻን ያለው ግን መሣሪያውን ገዝቶ ኬሚካሉን ማወዳደር ይበጀዋል።

ነጻውን የሚቀበል ሰው ውሉ ላይ የሚከተሉት እንዲጻፉ ይከራከር፦ መሣሪያው በስንት ወር የሆቴሉ እንደሚሆን፤ የኬሚካሉ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር የሚወጣ ከሆነ ሲወርድም አብሮ እንዲወርድ፤ ልኬቱ በየወሩ የሆቴሉ ሰው ባለበት ተደርጎ እንዲፈረም፤ ሻጩ ዕቃ ሲያጥረው ሆቴሉ ሌላ ኬሚካል በፓምፑ እንዲጠቀም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። አስመጪው ዶላር አጥቶ ሁለት ወር ቢጠፋ፣ «ከእኛ ብቻ» የሚለው አንቀጽ ሆቴሉን ወደ ጣሳው ይመልሰዋል። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር መጠየቅም አይረሳ፤ 15 ከመቶ ከላይ ያነሣነውን የ33 ሳንቲም ልዩነት በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ሊውጠው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሣጥኑ የይለፍ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ሰከንዱ የሚቀየርበት የተቆለፈ ገጽ አለው። ቁጥሩን ሻጩ ብቻ ከያዘው ባለቤቱ መጠኑን ማየት እንኳ ላይችል ይችላል። «ሠራተኞቻችሁ እንዳይነካኩት ነው» የሚለው ምክንያት እውነት አለበት፤ ስለዚህ ቁጥሩ ታሽጎ በሥራ አስኪያጁ ካዝና ይቀመጥ።

ያገለገለ ለሚገዛ

ከተዘጉ ላውንደሪዎች የሚወጡና ከዱባይ ከአሮጌ ማሽን ጋር ተጭነው የሚመጡ ሣጥኖችን ለሚያገናኙ ደላሎችና ገዢዎች ጥቂት እንበል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መለያው ላይ 110 ቮልት ተጽፎ ይሆናል፤ ትራንስፎርመር ሳይገዙ 220 ላይ አይሰኩት። የቱቦዋን ቁጥርና ዓይነት ጽፈው እዚህ አገር መገኘቷን አስቀድመው ያጣሩ። አልካላይ የሚችል ጎማ በረኪና ላይችል ስለሚችል በመጠን ብቻ አመሳስሎ መግዛት አያዋጣም። ሲግናል የሚቀበለው ትንሹ ሣጥን ከማጠቢያው ማሽን ጎን የሚቀመጥ በመሆኑ ሲነቀል ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለ እሱ ዋናው ሣጥን አይሠራም። ፓምፖቹን በውኃ አስነሥተው እያንዳንዱን አንድ ደቂቃ በጆግ ይለኩ። የይለፍ ቁጥሩን ከመመሪያው ጋር የማያስረክብ ሻጭ ካጋጠመ ግን የሚሸጠው ሞተሮቹን ብቻ ስለሆነ በሞተር ዋጋ ይደራደሩት።